መንኮራኩርህን የት ላቁማት?

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 2008 ዓ.ም.

ውድ ሰዲቅ፣

እንደምን ከርመሃል? አፊያ ነህ? እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ ክረምቱ ሳስቶብናል፤ ገብሱም እንደ ነገሩ ነው። ወንድምህ ሱሌማን የፎቶኮፒ ቤቱን ከመናኸሪያው አጠገብ እንደያዘ አለ፤ ኮምፒውተራችንም እዚያው ጥግ ላይ ናት። መብራት ሲኖር እሠራለሁ፣ ሲጠፋ ደጁ ላይ ተቀምጬ አይሱዙዎቹ ሲጫኑ አያለሁ። በባሕር ወደ የመን እሻገራለሁ ብለህ ከወጣህ ወዲህ ድምፅህን የሰማ የለም። ይህን ደብዳቤ የሚወስድልኝ ሰውም የለኝም። ግን ስለ ጠፈር ጌማችን የምነግርህ ነገር አለ።

ከመሄድህ በፊት ያልከኝን ታስታውሳለህ? ያኔ እኔ ኮዱን እጽፍ፣ አንተ መንኮራኩሯን እየነዳህ ጌሙን ትሞክር ነበር። ኮከብ በኮከብ ላይ ስደረድር ከርሜ ኩራት ኩራት ሲለኝ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ስትዞር ውለህ ማውሱን ገፋ አደረግከውና «ስማ ደሳለው፣ ሺህ ኮከብ ሠራህ እንጂ አንድ አገር አልሠራህም» አልከኝ። አኮረፍኩ። አንተ ምን ቸገረህ፣ ቀጠልክ። «ፕላኔቱ ጋ ሳልደርስ ቁልፍ እጫናለሁ፤ መቃኛው አየሩን፣ ውሃውን፣ ማዕድኑን ይዘረግፍልኛል። ሁሉን ካወቅኩት ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ይሄ ፍለጋ ነው እንዴ? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!»

አንተ ከሄድክ በኋላ ላሻሽለው ሞከርኩ። ማዕበል ጨመርኩበት፣ የፕላኔቶቹን ቀለም አበዛሁት፣ አዲስ አዲስ ማዕድን ቀበርኩበት። ያው ሆነ። ቢሆንም መሥራቱን አልተውኩም፤ እጄ ለምዶት ነው እንጂ ደስ ብሎኝ አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ውሸትም አይደለም። አይከፋኝም፣ ደስም አይለኝም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ድድ ታውቃለህ? እንደዚያ ነው ነገሬ።

በሰኔ ወር፣ አህመዲን የሚባል አብሮህ የወጣ ልጅ ከሳዑዲ ተመልሶ ኩታበር ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። ሱሌማን ያኔ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ሬሳ በሌለበት የሚሰገደው ሰላት እንዲሰገድልህ ሽማግሌዎቹን ማነጋገር ጀምሯል። እናትህ እትዬ ዘይነባ ግን አሻፈረኝ አሉ። «ልጄን ሞቶ አየሁት ያለኝ ሰው የለም። ያላየ ሰው አይቀብርልኝም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ደሳለው ልጄ፣ አንተ ውሰደኝ።»

ወሰድኳቸው። ኩታበር ስንደርስ ስለ አህመዲን ቶሎ ጠይቀን ቶሎ የምንመለስ መስሎኝ ነበር። ምን ተብሎ! እናትህ መጀመሪያ ያገኟቸውን ሰውዬ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ጀመሩ። አፊያ ናችሁ? ልጆቹ? ከብቱ እንደምን ነው? ዝናቡ ጣለላችሁ? የታመመ የለም? ሰውዬው እያንዳንዱን መለሱ፣ እሳቸውም በተራቸው የእኛን ጠየቁ። እግሬ እስኪዝል ቆምኩ። ሰውዬው ዞር ሲሉ «እትዬ፣ ለምን ቀጥታ አይጠይቋቸውም?» አልኩ።

«ቀድመህ መንገድ የጠየቅከው ሰው በእጁ ያሳይሃል» አሉኝ። «ጤናውን የጠየቅከው ሰው ግን ይሸኝሃል።»

እውነትም ሸኙን። አንዱ ለአንዱ እያስረከበን፣ ሰላምታው በየደጁ እንደ አዲስ እየተጀመረ፣ አህመዲን ቤት ደረስን። ልጁ ከስቷል። እናትህን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «ከፊታችን በነበረችው ጀልባ ሲሳፈር አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም» አለ። ሌላ የጨመረው የለም። እሱ በኋላ በተነሳችው ጀልባ ደርሶ፣ ታስሮ ነው የተመለሰው።

እናትህ «አልሃምዱሊላህ፣ አይተኸዋል» አሉና እጁን ሳሙት።

እኔ ያን ጊዜ ምን እያሰብኩ እንደነበር ልንገርህ? ስለ ኮዱ ነበር። መቃኛውን ከጌሙ ማውጣት እንዳለብኝ እዚያው ደጃፍ ላይ ገባኝ። ይህን ስጽፍልህ ማፈር ነበረብኝ፤ ማፈሩም አልመጣልኝም።

እንደተመለስን አወጣሁት። አሁን አንድ ፕላኔት እስክትደርስበት ድረስ ጨለማ ነው። ስታርፍ ነዋሪ ታገኛለህ። ሳትጨዋወት መንገድ ከጠየቅከው አቅጣጫ ይጠቁምህና ፊቱን ያዞራል። ሰላምታውን ከጨረስክ ግን ያየውን ሁሉ ያወራሃል፣ በራሱ መንኮራኩር እስከ ጎረቤት ኮከብ ይሸኝሃል። ማንም ከጎረቤቱ ወዲያ ያለውን አያውቅም። ሰው ከሰው እየተቀባበለህ ነው ሩቅ የምትደርሰው። ሰዲቅ፣ አገር ሆነልህ። ብታየው ደስ ይልህ ነበር መሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ነዋሪዎቹ በደጃቸው ስላለፈ መንገደኛ ያወራሉ፣ እስካሁን በጌሙ ውስጥ የተጓዘው መንገደኛ ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ስለ አንተ ምን ይበሉ? «ደህና ነው፣ ቅርብ ነው» ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። «የለም» ብዬ ብጽፍ እናትህ የከለከሉትን ሰላት እኔ በጓሮ በር አሰገድኩት ማለት ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ።

እትዬ ዘይነባ ለሱሌማን ምሳ ይዘው ሲገቡ እንደዚያው ተቀምጬ አገኙኝ። ጎንበስ ብለው ስክሪኑ ላይ ያለችውን መንኮራኩር አዩ።

«ይቺ ናት ጠያራዋ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሰው አለባት?»

«የለባትም። ሰዲቅ ነበር የሚነዳት።» ያስቸገረኝን ነገርኳቸው።

«ያየኸውን ጻፍ» አሉ። «ያላየኸውን አትጨምር።»

«እኔ ያየሁት የለኝም። ያየው አህመዲን ነው።»

«እንግዲያው እሱ ያለውን ጻፋ።»

«መንኮራኩሯንስ የት ላቁማት?»

«ለምን ታቆማታለህ?» አሉኝ ተቆጥተው። «መንገድ ላይ ናት።»

ኮዱ ላይ የምትቆምበትን ቦታ ባዶ ተውኩት። ጌሙ አልተበላሸም።

በማግስቱ እናትህ ተመልሰው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ በሌላ መንኮራኩር አንድ ፕላኔት ላይ አረፍን። እሳቸው ለነዋሪው ጮክ ብለው ሰላምታውን ያቀርባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ልጆቹ? ከብቱ? ዝናቡ? ሁሉም ሲያልቅ ስለ አንተ ጠየቁ። ነዋሪው መለሰ፤ አነበብኩላቸው። «ሲሳፈር አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።» «አልሃምዱሊላህ» አሉ። ወደ ጎረቤት ኮከብ ተሸኘን። እዚያም ያው። ከዚያ ቀጥሎም ያው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጻፍኩት፣ ለሁሉም ያደልኩት።

እናትህ ወደ ሱሌማን ዞሩ። «ሰማህ? ይኸኛውም አይቶታል። ይህ ሁሉ ሰው ያየውን ልጅ እንዴት ትሰግድበታለህ?»

ሱሌማን ፎቶኮፒ የሚያደርገውን ወረቀት እንደያዘ እኔን አየኝ። መልሱን ማን እንደጻፈው ያውቃል። የሆነ ነገር እንድናገር ጠበቀ።

«እትዬ፣ ወደሚቀጥለው ልሂድ?» አልኩ።

«ሂድ» አሉኝ። «ሰላምታውን ግን እንዳታሳጥርብኝ።»

ያለህበትን አላህ ያግራልህ።

ጓደኛህ ደሳለው