ከሦስተኛ ፎቅ መውረጃ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ለብርሃን ጮራ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አስተዳደር ኃላፊ
ከሚሴ

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ምድር ቤት ያለውን ቢሮዎን በሰላም፣ ማኅተምዎንም በደህና ያግኝልኝ። ከሁሉ በላይ ጉልበትዎ እንዳይከዳዎት እለምናለሁ፤ በእርስዎ ሕንፃ ውስጥ ጉልበት የከዳው ሰው ምን እንደሚሆን ከእኔ ቤት የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

እኔ በድሩ አደም የሰባ አንድ ዓመት አናጢ ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም፤ ከሚስማር ካርቶንና ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ለቅሜ የተማርኩት ስለሆነ፣ በጽሑፌ ላይ ግድፈት ቢያገኙ ጥፋቱ የፋብሪካዎቹ ነው። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች በፋይል ውስጥ በሰላም እንደሚኖሩ ስለተነገረኝ፣ እነሱን ከእንቅልፋቸው ላለመቀስቀስ አምስተኛውን በሕንፃው መግቢያ ላይ ለጥፌዋለሁ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ባለቤቴ ዓፊያ አርባ ዓመት ከደጃፉ ተቀምጣ ከመስጊድ የሚወጣውንም ወደ ገበያ የሚወርደውንም በኦሮምኛና በአማርኛ ሰላም ስትል የኖረችበት ቤታችን ለመንገድ ማስፊያ ሲፈርስ፣ መሥሪያ ቤትዎ በምትኩ ባለ አንድ ክፍል ቤት ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰጥቶናል። አሁንም ከበረንዳው ሆና ሰላም ትላለች፤ ሰዎቹ ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ። ለዚህ ክብር ያለንን ምስጋና ገልጬ፣ ጥቂት ነጥቦችን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ግድግዳው። ልብስ ለመስቀል የመታሁት ሚስማር ግድግዳውን በስቶ ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ማንአልሞሽ ቤት ብቅ አለ። ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ የቀን መቁጠሪያዋን ሰቅላበት አገኘኋት፤ ጋሼ እንዳይነቅሉት፣ እኔም ሚስማር ከመግዛት ተርፌያለሁ አለችኝ። አንዱን ሚስማር ለሁለት ቤት ያበቃ ግድግዳ የደሃን አቅም ያገናዘበ ነውና መሐንዲሱ ይመስገን።

ሁለተኛ፤ ስለ ቤት ዕቃ። በምደባ ደብዳቤው ላይ ቤቱን ራሳችሁ አሟሉ ስለተባልን አሟልተናል። ወለሉን ከሰንበቴ ገበያ ከአንድ አፋር በገዛሁት ሰሌን ሸፍኜዋለሁ። የፈረሰውን ቤቴን በር በአራት ብሎኬት ላይ አጋድሜ ጠረጴዛ አድርጌዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ እንበላለን። ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች አሉን፤ የአንዱ እግር እንጨት ነው። የቀረውን ቦታ ጀሪካን ይዞታል፤ ውኃው ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ይደክመዋልና።

ሦስተኛ፤ ስለ ዱዓ። አዲስ ቤት ያለ ዱዓ አይገባም ብዬ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ጠርቼ ነበር። መጥተውም ነበር፤ ነገር ግን የሁሉም ጉልበት ሁለተኛ ፎቅ ላይ አለቀና፣ እዚያው ደረጃው ላይ ተደርድረው ተቀምጠው ዱዓቸውን አድርገው ወረዱ። ስለዚህ እስካሁን በሕንፃው ውስጥ የተመረቀው ደረጃው ብቻ ነው፤ እሱም ለምርቃቱ ያሳየው ለውጥ የለም።

አራተኛ፤ ስለ ቅጹ። ዋናው ጉዳዬ ይህ ስለሆነ ታግሠው ያንብቡልኝ።

ቤታችን ሊፈርስ ሁለት ወር ሲቀረው የዓፊያ ግራ ጎን አልታዘዝ አለ። ከዚያ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ አትቆምም። በዚያው ሰሞን ከመሥሪያ ቤትዎ የመጣ ቅጽ ተሰጠኝ፤ በላዩም "የቤተሰቡ የጤና ሁኔታ" የሚል መስመር ነበረው። እኔም በፊት ለፊቱ "አልሐምዱሊላህ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ ቤተሰብ እንዴት ነው ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ ቤቱ ሬሳ ተኝቶ እንኳ ቢሆን፣ መጀመሪያ ጌታውን ያመሰግናል እንጂ የሚስቱን ሕመም አይዘረግፍም። ጠያቂውም ይህን ያውቃልና ደግሞ ይጠይቃል፤ እንደገናም ይጠይቃል። እውነቱ የሚወጣው በሦስተኛው ነው። የእርስዎ ቅጽ የጠየቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በኋላ እንደሰማሁት፣ በዚያ መስመር ላይ ሕመም የጻፉ ሰዎች ያለ ዕጣ ምድር ቤት ተሰጣቸው። እኔ ከጤነኞች ጋር ዕጣ አወጣሁ። ዓፊያን አራት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አወጧት፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አንዱ አዳልጦት ልትወድቅ ደረሰች። ያ የሆነው በጥር ወር ዓምና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬት አልረገጠችም።

የመጀመሪያ ማመልከቻዬ መልስ፣ ባለጉዳዩ ቤተሰባቸው ጤነኛ መሆኑን በገዛ እጃቸው አረጋግጠዋል የሚል ነበር። ቀጥሎ ምድር ቤት የደረሰው ይበልጣል የሚባል ወጣት መምህር፣ እኔ ደረጃ መውጣት ስፖርቴ ነው፣ እንለዋወጥ አለኝ፤ መሥሪያ ቤትዎ ግን ቤት መለዋወጥ እስከ አምስት ዓመት የተከለከለ መሆኑን አስታወሰን። በሦስተኛው የሐኪም ማስረጃ ተጠየቅኩ፤ ሐኪሙ ደግሞ ሳላያት አልጽፍም አለ። በአራተኛው፣ ታማሚዋ በአካል ቀርበው በኮሚቴ ይታዩ ተባለ፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ምድር ቤት ነው። እንግዲህ ባለቤቴ መውረድ እንደማትችል ለማስረዳት መውረድ አለባት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጥበብ ከሚስማር ካርቶን ላይ አላገኘሁትም።

ጥፋቱ የእኔም እንደሆነ አልክድም። ሕመሟን በቅጽ ላይ መጻፍ ልመና መስሎኝ ኮራሁ፤ የኩራቴን ዕዳ የምትከፍለው እሷ ናት። ይህን የጻፍኩት እርስዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ለእሷ ፊት ለፊት መናገር አቅቶኝ ነው።

ባለፈው ወር በጤና ጣቢያ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ፈይሩዝ መጥታ አየቻት። ስትወጣ ወደ በረንዳው ጠራችኝና፣ አጎቴ፣ ለረመዳን መድረሷን እንጃ አለችኝ።

እኔም ሜትሬን ይዤ ደረጃውን ለካሁ። የሰፈራችንን መስጊድ ቃሬዛ የሠራሁት በእነዚህ እጆቼ ስለሆነ ልኩን በቃሌ አውቀዋለሁ። በደረጃው ይወጣል፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ግን ካላቆሙት አይዞርም። ሰው ደግሞ ቆሞ አይቀበርም። በደረጃው አልገባ ብሎ ከሥሩ የቀረ አልጋ ነበረን፤ ለሠርጋችን የሠራሁት ነው። መሥሪያ ቤትዎ "ባዕድ ነገር" ብሎ ከዚያ እንዳነሳው ሲያዝዘኝ፣ እኔ አልጋ አልቆርጥም፣ ደረጃውን የሠራው ደረጃውን ይቁረጥ ብዬ ነበር። በዚህ ሳምንት ቆረጥኩት። ከእንጨቱም ቀጠን ያለ፣ የሚዞር ቃሬዛ ሠራሁ።

የመጋዙ ድምፅ እላይ ድረስ ይሰማ ኖሮ፣ ስገባ ዓፊያ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዋሽቼ አላውቅም ነበር፤ መደርደሪያ ነው አልኳት። አየችኝና፣ "አንቱ ሰውዬ፣ መደርደሪያው የእኔን ቁመት ያህላል?" አለችኝ። ከዚያም ሳቀች። እኔ ውኃ ላመጣ ወረድኩ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የምድር ቤት ጥያቄዬን አንስቻለሁ። የቀረኝ አንድ ልመና ነው። ከግቢው የሚወጣ የእንጨት ዕቃ ሁሉ በእርስዎ የተፈረመ የመውጫ ወረቀት እንዲይዝ አዝዘዋል፤ ዘበኛው አቶ ሣህሌም ለትእዛዝዎ ታማኝ ስለሆነ፣ ባለፈው ዓርብ ማታ የአንዲት ሴት በርጩማ እስከ ሰኞ በር ላይ ሰንብቷል። የእኛ ሬሳ ሰኞን አይጠብቅም። ስለዚህ ለአንድ ቃሬዛ የሚሆን የመውጫ ወረቀት ከወዲሁ ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው፣ ቀኑን ክፍት ትተው እንዲሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቀኑን እኔ እሞላዋለሁ።

በሥልጣንዎ ላይ ዕድሜ፣ በዕድሜዎ ላይ ጤና፣ ከጤናዎም ጋር ዘወትር ምድር ቤት እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ ደረጃዎን በቀን ስድስት ጊዜ የምወጣና የምወርድ፣

አክባሪዎ
በድሩ አደም
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
መግቢያው ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ማስታወሻ፦ በመውጫ ወረቀቱ ላይ "ዕቃው የሚመለስበት ቀን" የሚል መስመር ስላለ እንዳይቸገሩ፣ ቃሬዛውን በዚያው ዕለት እመልሳለሁ። በሕንፃው ውስጥ በደረጃው ልክ የተሠራ ዕቃ እሱ ብቻ ስለሆነም፣ ቤቱን ሳስረክብ ከቁልፉ ጋር አስረክብዎታለሁ፤ ከእኛ በኋላ ዕጣ ለሚደርሰው ከንብረቱ ጋር ይመዝግቡለት።