ሠላሳ አንድን ፍለጋ

ሰኞ

ዛሬ አልፈቱትም። ወደ ሱዳኗ ገላባት ለመሻገር ከተሰለፈ የጭነት መኪና ሰሌዳ ላይ አራት ቁጥር ለቀምኩ፦ 8፣ 2፣ 6፣ 4። ከስሌት ምልክቶች ጋር ወረቀት ላይ ጻፍኩና አባቴ ፊት አስቀምጬ «ሠላሳ አንድ ያድርሱልኝ» አልኳቸው። ልጅ ሳለሁ ሱቃችን ደጃፍ ላይ እንዲህ ያጫውቱኝ ነበር። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት ይቻላል፤ አራቱም አንድ አንድ ጊዜ ይገባሉ። ማካፈል የለም። «ማካፈል ወንድማማች ያጣላል» ይሉ ነበር።

ስትሮክ አንደበታቸውን ከወሰደው ወር ሆነው። በግራ እጃቸው ግን ይጠቁማሉ። ወረቀቱን አዩና ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ

ያንኑ ወረቀት። ነቀነቁ።

ወንድሜ ሙስጠፋ ከጎንደር ደወለ። ወደዚያ ሊወስዳቸው ይፈልጋል። አባ በደኅናው ቀን «ከመተማ አታውጡኝ» ብለውኛል፤ አሁንም ጎንደር ሲባል ይነቀንቃሉ። የቁጥሩን ነገር ስነግረው ሙስጠፋ «ለሁሉም ነገር ይነቀንቃሉ እኮ። የት እንዳሉም አያውቁም። አንዷን የቁጥር እንቆቅልሽ ይፍቱና ወላሂ አልነካቸውም» አለ። እሺ አልኩ።

ረቡዕ

ነቀነቁ፤ ወረቀቱንም ገፉት። ለሙስጠፋ ደውዬ «ዓርብ ና ውሰዳቸው» አልኩት። ማልቀስ ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም። ጓዛቸውን አሰርኩ።

ጀለቢያ ሦስት።
መስገጃ።
የግፊት ኪኒን።
መነጽር።

ሽንኩርት ማለቁ ትዝ አለኝ።

ሐሙስ

መብራት የለም፤ ማራገቢያው ቆሟል። ሥራ ስፈታ ራሴ ሞከርኩት። 4 በ6 አባዝቼ፣ 8 ደምሬ፣ 2 ስቀንስ 30። ከ8 ላይ 2 ቀንሼ፣ በ6 አባዝቼ፣ 4 ስቀንስ 32። ገጹን ሞላሁት። 31 የለም።

ከዚያ ገባኝ። አራቱም ተጋማሽ ቁጥር ናቸው፤ ቢደመሩም ቢቀነሱም ቢባዙም እንደ 31 ያለ ጎዶሎ አይወጣቸውም። ሦስት ቀን «አይሆንም» ሲሉኝ እኔ ደደቧ ጓዝ አስራለሁ።

8ን ሰርዤ 9 ጻፍኩ። ጣታቸው አልዘገየም፦ 4 በ6፣ ሲደመር 9፣ ሲቀነስ 2። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አፈርኩ።

ዓርብ

ሙስጠፋ ሞተሩን ሳያጠፋ መኪናውን ደጅ አቁሞ ገባ። ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀቱን ብዙ አየው። አልጋው ሥር ተንበርክኮ «አባ፣ ጎንደር እንሂድ?» አላቸው።

ነቀነቁ። ሙስጠፋ ወደ እኔ ዞረ።

«አይሆንም ነው ያሉህ» አልኩት።

ሞተሩን ሊያጠፋ ወጣ። ጓዙን ስፈታ እንባዬ መጣ፤ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ስትሮኩ ሁለተኛ ቢጥላቸውስ? እንጃ። ዛሬ ግን እቤታቸው ናቸው።