ባዶው ቦታ ላይ ለጥፈው

የሚጣ አባት፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ቀልቤ ግን እናንተ ጋ ነው።

ዛሬ የእህቴ ባል በመኪናው ገበያ ይዞኝ ወጣ። ያንተው ዓይነት መኪና ነው፣ ቀለሙ ሳይቀር። የወደቀ መነጽሩን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ከቆመ አውቶቡስ ፊት አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። "ኧረ ሰው!" ብዬ ሳልጨርስ መኪናው በራሱ ፍሬን ይዞ ቀጥ አለ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ አማቼ "ምነው? ራሱ ያቆም የለ እንዴ!" ብሎ ይስቃል።

ያኔ ሚጣ ትዝ አለችኝ። በመኪናህ የሸኛችሁኝ ዕለት ሚጣ መንዳት ስትለማመድ "አትጨነቂ፣ ራሱ ያቆማል" ስትላት አልነበር? እዚህ አንድ መካኒክ ብጠይቅ፣ "ስሙም መልኩም አንድ ነው፤ ወደናንተ አገር የሚላከው ግን ሰው አይቶ ፍሬን የሚያስይዘው ካሜራ የለውም" አለኝ። ካሜራው የሚቀመጠው ከውስጥ ስፖኪዮው ጀርባ ነው። ያንተን ያን ዕለት አይቼዋለሁ፤ ባዶ ፕላስቲክ ነው።

ደውዬ ስነግርህ "አንተ ድሮም ፈሪ ነህ" ብለህ ዘጋኸው። እንግዲያው ይህን ፖስትካርድ እዚያው ባዶው ቦታ ላይ ለጥፍልኝ፤ ፎቶው ወደ ውጭ፣ ጽሑፉ ወደ ነጂው ይሁን። ቦታ እያለቀብኝ ነው፣ ፊደሌ ቢያንስብህ አትቀየመኝ። እናቷን ሳምልኝ፤ ጎረቤቶቹንም በያሉበት። የቀረችው መስመር የሚጣ ናት፦

ሚጣዬ፣ የሚያቆመው ያንቺ እግር ብቻ ነው። በዚህ ነገር አባትሽን አትስሚው።