ለላንድሮቨሯ የገዛሁት ኩቴክስ

ደባርቅ፣ የካቲት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕፀገነት፣ አዋሳ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ወገቧን ያማት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ብርዱ ዘንድሮ ጠንቷል። ይህን የሚጽፍልኝ ባለሱቁ ሙጂብ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩ ያለው እዚሁ ሱቁ ውስጥ ነው፣ ሰው አይጠፋበትም። በአንድ ሰው ፊት ማፈር ይሻለኛል ብዬ በሩን አዘግቼዋለሁ።

እሑድ እሑድ ትደውዪ ነበር፤ ከገና ወዲህ ዝም አልሽ። ወሬው ደርሶሻል ማለት ነው። እንግዲያው ከኔም ስሚው።

ላንድሮቨሯ አርጅታለች፣ ሙቀቷንና ዘይቷን የሚናገር ነገር ያስፈልጋታል ብለሽ ባለ ቀስቶቹን ጌጆች ስትገጥሚ፣ “የፋብሪካውን ሽቦ ብትቆርጪ ከቤቴ ውጪ” ነበር ያልኩሽ። አንድም አልቆረጥሽም። ከባትሪው ለብቻው ሽቦ ስበሽ፣ የራሱን ፊውዝ ሰጥተሽ፣ ከአሮጌው ጎን በክር እያሰርሽ አሳለፍሽው። ዳሽቦርዱንም ሳትበሺ ጌጆቹን ከሥሩ በቆርቆሮ አንጠለጠልሻቸው። ስትጨርሺ፣ “አባባ፣ አንዱ የዘይት ነው፣ ከፍ ሲል ደግ ነው። አንዱ የሙቀት ነው፣ ከፍ ሲል ይቁሙ። እንዳይምታታብዎ የሙቀቱን መስታወት ኩቴክስ ልቀባልዎ?” አልሽኝ።

እኔ ደግሞ፣ “ፊደል ባልቆጥር ዓይን አለኝ፤ መኪናዬን እንደ ሴት ጥፍር አትቀቢያትም” አልኩሽ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ መናኸሪያ ላይ ጌጆቹን ያየ ሁሉ ማን ሠራልዎ ይለኛል። ጎንደር ያለ ባለሙያ ነው እላለሁ። ሴት ልጄ ናት ማለት ከበደኝ። ሙጂብ እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሞ አየኝ። ጻፈው አልኩት።

በገና ሰሞን ሳንቃ በር ላሉት የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች እህል ጭኜ ስወጣ፣ ከነሱ አንዱ፣ ክንዴ የሚሉት፣ ከጎኔ ተቀምጧል። አቀበቱ ላይ፣ “ጋሼ፣ ይቺ ቀስት ምነው ተሰቀለች?” አለኝ። ዘይቱ በርትቶ ነው፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ አልኩት። ደስም ብሎኝ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። የራዲያተሩ ጎማ ተቀዶ ውሃው ሲፈስ ኖሯል። ለካ የዘይት ብዬ የማየው የሙቀቱን ነበር።

ከኋላ እህሉ ላይ የተሳፈሩት ወርደው ከበቡኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ “ልጄ ሽቦውን ነካክታብኝ ነው” አልኩ።

ክንዴ፣ “የጎንደሩ ባለሙያ አይደል እንዴ የሠራው? ሲበላሽ ጊዜ የልጅዎ ሆነ?” አለ። ሳቁብኝ። የሚገባኝን ነው የሳቁት። እኅቱ አንቺ ያለሽበት ከተማ እንደምትኖር ትዝ ያለኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሞተሩ ተርፏል። መካኒኩ ግን ያንቺን ሽቦ ነቅሎ ሊጥለው ሲል እጁን ያዝኩት። ሽቦው ምን አደረገ፣ ያላወቅሁት እኔ ነኝ አልኩት። ይህንንም ያልኩት ሌላ ሰው በሌለበት ነው።

ከዚህ ሱቅ ቀይ ኩቴክስ ገዝቻለሁ። የሙጂብ ሚስት ረህማ ለማን ነው ብላ ስትስቅ፣ ለላንድሮቨር አልኳት። መቀመጫው ሥር አለ፤ አልከፈትኩትም። እናትሽ ራስህ ቀባው ትለኛለች። የትኛው እንደሆነ አሁንማ አውቄዋለሁ። ግን አልቀባም።

ለፋሲካ ነይ። ግቢያችን ውስጥ አይደለም፤ መናኸሪያው መሐል፣ በቀትር፣ ክንዴም ሌላውም ቆሞ እያየ አንቺ ትቀቢዋለሽ። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሽቦሽን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ማን እንደሠራው እናገራለሁ።

እጅሽን ይባርከው። የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። በሰው አገር ክፉ አይንካሽ።

ሙጂብ መልሶ አነበበልኝ፤ ያልኩት ሁሉ አለ። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን የለበትም ይለኛል። እሱን ስትመጪ።

አባትሽ ሀብተ ሚካኤል፤ ጣቴን አሳርፌያለሁ።