ፈተና የሌለው ንባብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬም ያው ነው። ውሃ መሥሪያ ቤት፣ የቅሬታ መስኮት፣ እኔ። የመጀመሪያው ሰውዬ "ውሃ ሳይኖር ሂሳቡ ከየት መጣ?" ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። ግን ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ ነኝ? ከእሱ በኋላ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው... በመስታወቷ ቀዳዳ ስድብ ሲገባ ዋለ።

ቤት ስደርስ ጆሮዬ ውስጥ ገበያ ቆሟል። ጫማዬን አውልቄ በቀጥታ መኝታ ቤት። መጽሐፉን ገለጥኩ። የእኛ መሥሪያ ቤት ቆጣሪ አንባቢ ያዋሰኝ ወፍራም ልብ ወለድ ነው። አንድ ምዕራፍ... ሁለት... ጩኸቱ ወጣልኝ። ትከሻዬም ወረደ። ለእራት ስነሳ ሰው ሆኜ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የዛሬውስ ያስቃል። አማቴ በሩን ከፈት አድርገው አዩኝና በእግር ጣታቸው ተመለሱ። ከዚያ ልጄን ሳሎን ሲቆጧት ሰማሁ።

"ዝም በይ! እናትሽ እያጠናች ነው። ፈተና አለባት።"

የምን ፈተና? ማን ነገራቸው? ማንም። እዚህ ቤት መጽሐፍ የያዘ ሰው ፈተና ያለበት ሰው ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። "እራቱን እኔ እሠራዋለሁ፣ አንቺ አጥኚ" አሉኝ። ባሌም አምኗል። ቴሌቪዥኑን ቀነሰ። ጭራሽ ሻይ አመጣልኝ! ከተጋባን ጀምሮ ሻይ አፍልቶ አያውቅም። "በርቺ፣ የደረጃ እድገቱ እንዳያመልጥሽ" አለኝ።

ልንገራቸው? ... ዝም አይነቅዝም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሻዩ ዛሬም መጣ። በብስኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጉድ ፈላ። ያፈላችው ልጄ ናት። እራት ላይ፣ ሁላችንም ባለንበት፦

"እማ፣ ይኼም ፈተና ላይ ይመጣል?"

"ምኑ?"

"በሠርጉ ቀን በመርከብ የጠፋው ሰውዬ።"

ለካ ከትራሴ ሥር እያወጣች ስታነብ ከርማለች። የባሌ ማንኪያ አፉ ጋ ደርሶ ቆመ። "የምን ሰውዬ? የምን መርከብ?"

ነገርኩት። ፈተና የለም። ኖሮም አያውቅም። ልብ ወለድ ነው።

"ግማሽ ፍጻሜውን ያለ ድምፅ ያየሁት ለተረት ነው?"

"ድምፁን ቀንስ ያልኩህ እኔ ነኝ?"

"እኔኮ ጋራዥ አብሮኝ ለሚሠራው ሰው ሁሉ 'ሚስቴ ልታድግ ነው' ብዬ አውርቻለሁ!"

መሳቅ አልነበረብኝም። ሳቅኩ። አማቴ ግን አልሳቁም። "እኔኮ እንድታልፊ ስጸልይልሽ ነው የከረምኩት" አሉ ቀስ ብለው። ይቺ ወጋችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

አዋጅ ወጣ። አውጪውም፣ አዋጅ ነጋሪውም ባሌ ነው። ከሥራ ስገባ እንደ ድሮው በቀጥታ ወደ ማድ ቤት። መጽሐፉ ለባለቤቱ ይመለስ። ማንበብ ካማረኝ ትምህርት ልመዝገብ። "ዲግሪሽን ያዢና እስኪበቃሽ አንብቢ።"

ወይ ፍንክች!

እሱ ለኳስ ዲግሪ አለው? ካርታ ሲጫወት ማን ፈተነው? ፊት ለፊት ጠየቅኩት። "እሱ መዝናናት ነው" አለ። ይኼስ? እናትህ ደክመዋል፣ ቅዳሜና እሁድ እኔ እሠራለሁ፣ በሥራ ቀን ግን ቀድመኸኝ ስለምትገባ እራቱን አንተ ሥራ አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

"ቤት ውስጥ ሥራ እያለ እንዴት ይነበባል?" አለኝ። ሥራማ መቼ ያልቃል? በሞትኩ ማግስትም የሚታጠብ ሳህን አይጠፋም።

ያለዚያች ሰዓት ያንን መስኮት አልችለውም። አምና መታጠቢያ ቤት እየተደበቅኩ አለቅስ ነበር። ዘንድሮ አላለቅስም። ... ቆይ ግን፣ ጥቅሟን ለምን አስረዳለሁ? ለማን? ደስ ይለኛል፣ በቃ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጦርነት ነው። ቴሌቪዥኑ እስከ ጣሪያ ይጮኻል። "ካልሲዬ የት ነው?" እግሩ ላይ ነው። "ጥፍር መቁረጫውስ?" በየገጹ አንድ ጥያቄ። ጥርሴን ነክሼ ያንኑ አንቀጽ ደጋገምኩት። አንድም ቃል አልገባኝም። ወይ እሱ ወይ እኔ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ወንበሬን አንስቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ፣ ልክ በራችን ፊት ለፊት፣ ጎረቤት ሁሉ በሚወጣ በሚወርድበት። እግሬን አጣምሬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ማንበብ!

ከላይኛው ፎቅ ልብስ ሰፊዋ መጣች። "ምነው፣ ቁልፍ ጠፋብሽ?"

"አልጠፋብኝም። እያነበብኩ ነው።"

"ፈተና አለሽ እንዴ?"

ይቺም! "የለኝም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ይጥማል።"

ባሌ አንገቱን ብቅ አደረገ። "ግቢ እባክሽ። ሰው ምን ይላል?"

"ቁልፍ ጠፋባት ይላል።"

አልገባሁም። እዚያው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጨረስኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

አማቴ አናገሩኝ። ከእራቱ ቀን ወዲህ ከ"እንዴት አደርሽ" በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። ዛሬ ልብስ እያጠፍን ነበር።

"ማን ፈቀደልሽ?" አሉኝ።

ሊቆጡኝ መስሎኝ ኮስተር አልኩ። "ማንም፣ እማማ።"

"ማንም?"

"ማንም።"

አንሶላውን እንደያዙ ቆሙ። "ሳይፈቀድልሽ ተቀመጥሽ?"

"ተቀመጥኩ።"

"ምንም አልሆንሽም?"

ቁጣ አልነበረም። የምራቸውን ነው የጠየቁኝ፤ መልሱን ቆመው ጠበቁ። "ምንም አልሆንኩም፣ እማማ።"

አንሶላውን ሳያጥፉት ትተውኝ ሄዱ። ሥራ ጀምረው ሲተዉ አይቼ አላውቅም። ምን አስበው ይሆን?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

መጽሐፉ አለቀ። ሰውየው ከስንት ዓመት በኋላ ተመለሰ፣ ሙሽሪት በሩን አልከፈተችለትም። ደግ አደረገች! ጠዋት ለቆጣሪ አንባቢው መለስኩለትና ሌላ ይዤ ገባሁ። የባሰ ወፍራም። ባሌ ውፍረቱን አይቶ ቤተ ክርስቲያን የፈረሰበት ሰው መሰለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ደረጃው ላይ ነበርኩ። በሩ ሲከፈት ባሌ መስሎኝ ቀና አላልኩም። አማቴ ናቸው። በርጩማ ይዘዋል። አጠገቤ አስቀመጡና ቁጭ አሉ።

"እኔ እንኳ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉ፣ እንደማላውቅ።

"ላንብብልዎት?"

"ተይ፣ አንቺ የራስሽን አንብቢ። እኔ ልቀመጥ።"

እጃቸው ባዶውን ሆኖ አይቼ አላውቅም፤ ወይ መርፌ፣ ወይ ጨርቅ፣ ወይ ሽንኩርት አይጠፋበትም። መጀመሪያ ማረፊያ አጣባቸው። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ የሌለ አቧራ አራገፉ። ቆይተው ጭናቸው ላይ አደረጉትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገጽ ገለበጥኩ... ሌላ ገጽ...

"እማዬ!" አለ ባሌ ከውስጥ። "እራት የለም እንዴ? ማድ ቤት ማን ነው ያለው?"

ልነሳ ስል አማቴ ጉልበቴን ጫን አድርገው ያዙኝ። ዓይናቸውን አልገለጡም። ደረጃው እስኪያስተጋባ ድረስ ጮኹ፦

"እያነበብን ነው!"