የእርስዎ ካርድ እዚህም ይሠራል?

ለተከበሩ የጤና መድህን ኃላፊያችን፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ ጤናዎ በደህና እጅ እንዳለ በዓይኔ ያየሁ ብሆንም ወግ ነውና አልተወውም። ቀጥዬ በመድኃኒት መስኮት ፊት የቆመ ሰው ሁሉ በልቡ ያነሳትን ጥያቄ ላንሳ፦ ካርዱ እያለኝ መድኃኒቱን ከውጭ የምገዛው ለምንድን ነው?

እኔ በሕብረተሰብ ጤና ተመርቄ፣ ሥራ እስክይዝ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቅቶኝ፣ ሁምቦ በሚገኘው የትውልድ ቀበሌዬ የመድህን አባላት ሳስመዘግብ የከረምኩ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ነገሩ አልገባ ያላቸውን ገበሬዎች በዘመን መለወጫችን በጊፋታ በሬ አስረዳኋቸው። "ለበዓላችን አዋጥተን በሬ እንገዛ የለ? ይኼም እንደዚያው ነው፤ ጤነኛው ለታመመው ያዋጣል፣ የጎደለውን መንግሥት ከግብር ይሞላል" አልኳቸው። የአባቴ የበሬ ማኅበርተኛ የሆኑት የስኳር ሕመምተኛው አቶ ኤርካሎ "የተማረ ልጅ እያለን ምን እንፈራለን!" ብለው ቀድመው ተመዘገቡ፤ ጎረቤቱም ተከተላቸው። ስለሆነም ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. የአቶ ኤርካሎ ፎቶግራፍ ካርዱ ላይ እጅግ አምሯል። ሆስፒታል ሄደው የስኳር መርፌያቸውን በጠየቁ ቁጥር "የለም፣ ከውጭ ይግዙ" የሚባሉት በዚሁ ባማረ ካርድ ነው። ያለቻቸውን ለማቆየት አንድ ቀን ተወግተው አንድ ቀን እየዘለሉ እንደነበር የነገሩኝ ዓይናቸው ከደበዘዘ በኋላ ነው።

፪. ሁለቱን የመድህን ዓይነቶች በተግባር እንዳነጻጽር ስለረዱኝ አመሰግናለሁ። የግሉ መድህን ደመወዝተኛውን ይወዳል፤ እንደ አቶ ኤርካሎ ያለ ገበሬ፣ ያውም በሽተኛ፣ ከበሩ አያልፍም። የእኛው ግን በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ያስገባቸዋል፤ ባዶ መደርደሪያ ሊያሳያቸው።

፫. መርፌው ሶዶ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ አለ ተብሎ ይዣቸው ስሄድ፣ ክቡርነትዎ በባለቤትዎ መሥሪያ ቤት የግል መድህን ታክመው ሲወጡ ስላገኘንዎት ታላቅ ክብር ተሰምቶናል። አቶ ኤርካሎ እርስዎ ለምዝገባው ቅስቀሳ ቀበሌያችን በመጡ ዕለት አይተውዎት ስለነበር፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያለ አንዳች ተንኮል ጠየቁዎት፦ "ጌታዬ፣ የእርስዎ ካርድ እዚህም ይሠራል እንዴ?"

እርስዎ ሰዓትዎን አዩ። እኔ ወለሉን። ያን ያህል ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም፤ ምክንያቱም አቶ ኤርካሎ ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው "የኔን የት እንደሚሠራ ጠይቅልኝ እንጂ ልጄ" አሉኝ።

በመጨረሻ መርፌውን የገዛላቸው የበሬ ማኅበሩ ነው። አባቴና ጎረቤቶቹ ለጊፋታ ካጠራቀሙት አወጡ። በምሳሌነት የጠቀስኩት በሬ የእርስዎን ጽሕፈት ቤት ሥራ ሠራ ማለት ነው። ይህችም ብልቃጥ ታልቃለች።

አሁን የአባልነት እድሳት ወቅት ደርሶ እንደገና ወደ ቀበሌዬ ወርጄ እንድቀሰቅስ መጠራቴን ሰምቻለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ተባብሮ መታከም የሚሻል መሆኑን ዛሬም አምናለሁ፤ ችግሩ የአቶ ኤርካሎን ደጅ ማለፍ አለመቻሌ ነው። ስለዚህ አብረን እንውረድ ብዬ በትሕትና እለምናለሁ፤ መርፌውን እርስዎ ይያዙ፣ ማስረዳቱን ለእኔ ይተዉልኝ። የሚመጡበትን ቀን በዚሁ ጋዜጣ ይመልሱልኝ። "ከውጭ ግዙ" የተባላችሁ አንባቢያንም ካርዳችሁን ይዛችሁ አብራችሁን ውረዱ።

ፎቶግራፋችን እንዲያምር ለሚደክሙት ክቡርነትዎ ከወገቤ ጎንበስ እያልኩ፣ ቀና ማለቱን ግን ለጊዜው ያልቻልኩት፣

ቃለሕይወት
ሶዶ

ያልጠቀስኩት፦ በእኛ መንደር ለበሬው መዋጮ የሚሰበስበው ሰው በጊፋታ ዕለት ከሉካንዳ ሥጋ ሲገዛ ቢታይ፣ ማንም አይሰድበውም። ብቻ ጎረቤቱ ሁሉ ሄዶ በሬውን ያየዋል።