ለበረዷችን ብርድ ልብስ ላለበሱት ዳይሬክተር

ለኦበርሞስ ሸለቆ የቱሪዝምና የበረዶ ሸርታቴ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር፣
ለክቡር ኤጎን ላይትነር፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለጉልበትዎም ብርታት እመኛለሁ፤ እኔም፣ ባይጠይቁኝም፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ላሞቹ በረት በሚውሉበት የብርድ ወራት ብቻ ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ ነገሩ አልተንጋደደም። ደብዳቤውን የወተት ማኅበሩ በር ላይ የለጠፍኩት፣ ቢሮዎ ብመጣ ጸሐፊዎ «ዳይሬክተሩ ተራራ ላይ ናቸው» ስላለችኝ ነው፤ ተራራው ከደጄ ወለል ብሎ ይታየኛል፣ እርስዎ ግን አልታዩኝም።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ጉባኤ ተሰብስቦ፣ ውሃ ጠጥተው ለሸርታቴው ሰው ሠራሽ በረዶ ለሚተፉት መድፎችዎ ኩሬ እንዲሆን የላይኛውን መስኬን ከነምንጩ እንዲወስድልዎ መጠየቅዎን ሰምቻለሁ። ምንጩን ሟች ባለቤቴ ኖትቡርጋ ድንጋይ በድንጋይ በእጇ የከበበችው ነው፤ እኔና ላሞቼም ሌላ ውሃ የለንም። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በፋሲካ ሰሞን በመጠጥ ቤቱ ጠረጴዛ እየደበደቡ «የዓለም ሙቀት የምትሉት የከተማ ምሁራን ተረት ነው፤ እንግዳ አታስበርግጉብኝ!» ብለው ስላስተማሩን ምስጋናዬ ወደር የለውም። በጎረምሳነቴ ሣር ሳጭድ ጫፉን በእጄ የምነካው የተራራው በረዶ ዛሬ በመነጽር እንኳ አልታይ ሲለኝ የሸሸ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሸሸው ዓይኔ ነው።

ሁለተኛ፣ በዚህ በጋ ሠራተኞችዎ ያንኑ ያልሞቀውን በረዶ እንዳይቀልጥ ነጭ ብርድ ልብስ ሲያለብሱት ዋሉ። ግራ ገብቶኝ ጎረቤቴን ፍሎሪንን ብጠይቀው «በረዶው እንዳይበርደው አስበው ነዋ፣ አንተ ክፉ ሽማግሌ!» አለኝ። እኔ የታመመች ላም ደህና ናት እያልኩ፣ ብርድ ልብስ አልብሼ ገበያ ብወስዳት ገዢው በዱላ ያባርረኛል፤ እርስዎን ግን የዓመቱ ምርጥ ዳይሬክተር ብለው ሸለሙዎት። እንኳን ደስ ያለዎት።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ሌሊት ከእንቅልፌ ያስነሳኛል። ቅድመ አያቶቻችን የተራራው በረዶ እያደገ ወደ ሸለቆው እየወረደ ማሳቸውን ሲበላባቸው፣ በየዓመቱ በባዶ እግር ወደ ላይኛው ጸሎት ቤት ወጥተው «ጌታ ሆይ፣ በረዶውን ወደ ላይ መልስልን» ሊሉ ተሳሉ። ኖትቡርጋ እስከ ሞተችበት ዓመት ድረስ የስእለቱን ሻማ ይዛ ወጥታለች። ዘንድሮ እርስዎ አባ ሴቬሪን ዘንድ ገብተው ጸሎቱ «በረዶውን አምጣልን» ተብሎ እንዲለወጥ ሲለምኑ፣ እኔ ከበሩ ኋላ የሻማ ጠብታ እየፋቅኩ ነበር።

«ልጄ፣ በረዶው አልሄደም ትለን የለም ወይ? ካልሄደ ከየት ነው የሚመጣው?» አሉዎት አባ።

«አባ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይጸልዩልኝ!» አሉ እርስዎ።

ለእኛ የካዱትን ለእግዚአብሔር ስላመኑ፣ ቢያንስ አንድ የሚፈሩት እንዳለ አውቄ ተጽናንቻለሁ።

እንግዲህ እሑድ እለት ከፊተኛው ወንበር ተቀምጬ እጠብቅዎታለሁ። በረዶው እንደ ድሮው ከሆነ ምንጬ ለምንዎ ነው? ቀልጦ ከሆነም ይነሱና፣ እንደ መጠጥ ቤቱ ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ በዚያው ድምፅ ለሕዝቡ ይንገሩት። ያን ካደረጉ ስለ ውሃው ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እስከዚያው የኖትቡርጋ ምንጭ የሚፈሰው ለላሞች ነው፤ ቆፋሪ ቢልኩ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ያገኘኛል፤ እኔን ማንሣት ደግሞ ባለቤቴም ሞክራ አልሆነላትም።

ክቡርነትዎ ከፍ ካለው ወንበርዎ ሳይወርዱ፣ ወንበሩም ከሥርዎ ሳይቀልጥ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ ከልብ የሚመኝልዎ፣

ትሑት ጎረቤትዎ
ካሲያን ሞዘር፣ ከላይኛው መስክ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ነፋስ ከብርድ ልብሶችዎ አንዱን ነቅሎ ጓሮዬ ጥሎታል። እንዳይባክን ብዬ የፍግ ክምሬን አልብሼበታለሁ። እውነትም ግሩም ዕቃ ነው፤ ክምሩ አንዲት ስንዝር አልቀለጠም። እንግዶችዎን ይዘው መጥተው ቢያስጎበኙ ደጄ ክፍት ነው፤ ስለ ሽታው ከጠየቁዎት ግን የከተማ ምሁራን ተረት ነው ይበሏቸው።